ስለ ወልደ ሰንበት መጽሐፍ የተባለው ሁሉ

ብሩህ ያን ቅዳሜ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲነዳ የአውራ ጎዳናው መውጫ ሁለት ጊዜ አመለጠው። ብቻውን መኪና ውስጥ ሆኖ እንዲያ ሲስቅ ያየው ፖሊስ ቢኖር አስቁሞ ጠጥተሃል ወይ ይለው ነበር። ምን ያድርግ! ለእሱ ቀኑ ሰርግ ነው። የጻፈውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበቡ ሰዎች ቁጭ ብለው ሊከራከሩበት ነው፤ እሱም መሃላቸው ተቀምጦ እንደ ማንም ሰው ሊሰማ ነው።

እንደ ማንም ሰው ማለቴ በምክንያት ነው። መጽሐፉ የእሱ መሆኑን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ጌይተርስበርግ የሚኖረው ፍቅረኛው ያሬድ ነው። ሁለተኛዋ ኮሌጅ አብራው የተማረችው ርብቃ ናት፤ ነርስ ናት፣ ምላሷ ግን የጠበቃ ነው። መጽሐፉን ዛሬ የሚወያይበት የንባብ ማኅበር አባል እሷ ናት፤ መጽሐፉን ለማኅበሩ ያቀረበችውም፣ ብሩህን "እንግዳ ነው" ብላ የጋበዘችውም እሷው ናት። ጠዋት ቴክስት አድርጋለት ነበር፤ "ፊትህን ጠብቅ። ሲያሙህ እንዳትቀላ፣ ሲያሞግሱህ እንዳትስቅ።"

መጽሐፉ «ከሦስተኛ ፎቅ» ይባላል። አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አፓርታማ ላይ ከእናቱ ጋር ስለሚያድግ ብስራት ስለሚባል ልጅ ነው። ብስራት የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛውን ይወዳል፤ ጌይ መሆኑን ለሰው ቀርቶ ለራሱ ለመንገር እንኳ ዓመታት ይፈጅበታል። መጨረሻ ላይ እናቱ ትደርስበታለች። ሻንጣውን ኮሪደር ላይ ታወጣና በሩን ትዘጋበታለች። ብሩህ ይህን ምዕራፍ የጻፈው እያለቀሰ ነው። የእሱ እናት ስለ እሱ አታውቅም፤ ያወቀች ቀን ግን የምታደርገው ይህንኑ ነው ብሎ ወስኗል። የፈራው ነገር በዓለም ላይ ቢኖር ያ የበር ድምፅ ነው። ስለዚህ አልነገራትም።

በእውነተኛ ስሙማ እንዴት ያሳትመዋል? ሽፋኑ ላይ "ወልደ ሰንበት" አለ። ይህ የክርስትና ስሙ ነው፤ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ ቄሱ ያወጡለት። አሜሪካ በልጅነቱ ከገባ ወዲህ በዚህ ስም የጠራው አስተማሪ የለም፣ የጠራው አለቃ የለም፣ መንጃ ፈቃዱም ላይ የለም። ለርብቃ ሲነግራት "ሙት፣ ጎበዝ ነህ! ማን ያውቀዋል?" ብላ እጇን ዘርግታ መታችለት። ሁለት የተማሩ ሰዎች ተማክረው የሠሩት ሥራ እንግዲህ ይህ ነው።

እናቱ እታለማሁ ፓርኪንግ ካሸር ናት። ቀኑን ሙሉ አንዲት ጠባብ ቡዝ ውስጥ ተቀምጣ መኪና ታስወጣለች። ብሩህ እስከሚያውቀው ድረስ ከዳዊትና ከውዳሴ ማርያም ሌላ አታነብም። በዚያ ላይ ቨርጂኒያ ያለ ሐበሻ ድልድዩን ተሻግሮ ሜሪላንድ የሚሄደው ለሰርግ ነው፤ አለዚያም ለለቅሶ። ሰሞኑን ደግሞ ጭራሽ ዝም ብላ ነበር የከረመችው። ፍልሰታን በሙሉ ሰላምታዋ እንኳ በግንባሯ ብቻ ነበር፤ ሱባኤ ይዛ ይሆናል ብሎ አልጠየቃትም። ጾሙ ተፈትቶ አንድ ምሽት በሩን አንኳኩታ "እራት በልተሃል?" አለችው። ከያሬድ ጋር ስልክ ላይ ነበርና ከውስጥ ሆኖ "በልቻለሁ" አላት። ከዚያ ወዲህ ከእሷ ጋር በቅጡ አልተነጋገሩም፤ እሱም ከመጽሐፉ ደስታ የተነሳ ልብ አላለውም።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ከአንድ የሐበሻ ካፌ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ወጉን ከጽዋ ማኅበር የወሰዱት ነው፤ ሰብሳቢው እንደ ጽዋው ሁሉ ሙሴ ይባላል፣ መጽሐፍ የሚመርጠው ተረኛ ነው። ከሁሉ የጠበቀው ሕግ ግን አንድ ነው፤ እዚያች ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ አባልም ይሁን እንግዳ፣ አስተያየት ሳይሰጥ አይወጣም። የሚጀመረውም ከታናሽ ነው። ታላላቆቹ ቀድመው ከተናገሩ ልጆቹ "እኔም እንደተባለው ነው" እያሉ ያመልጣሉና።

ሙሴው ጋሽ ከፈለ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነድተው አሁን ጡረታ የወጡ፣ ተሳፋሪ የሌለበት ቀን የማይገፋላቸው ሰው። ብሩህን ሲያዩ "ና ግባ፣ ና! ዛሬ ጦርነት ነው፣ ወንበር አጥብቀህ ያዝ!" አሉት። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉ እዚህም እዚያም ተጥሏል፤ ጠርዙ የታጠፈ፣ በእስክሪብቶ የተሰመረበት፣ አንዱም ሻይ ፈሶበታል። ሻይ የፈሰሰበትን ሲያይ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ሰው እየበላ እየጠጣ አንብቦታል ማለት አይደለም?

ይኼኔ በሩ ተከፈተና የማኅበሩ አባል ወይዘሮ ታደለች ገቡ። ከኋላቸው እታለማሁ።

ብሩህ የሚገባበት ጠፋው። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው ያን ሰዓት "ተመስገን" ይላት ነበር። ርብቃን አያት፤ ርብቃም እሱን አየችው፤ የሁለቱም ፊት አመድ ነበር።

"መኪናዬ ጋራዥ ገብታብኝ" አሉ ታደለች ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ "እታለማሁ ናት ሸኝታ ያመጣችኝ። ከአንድ ደብር ነን።"

"እማዬ" አለ ብሩህ። 

"አንተም እዚህ ነህ?" አለችው። አልደነገጠችም። ትይዩው ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አኖረች።

ልጅየው ምንም አታውቅም፣ ሰው ለመሸኘት ነው የመጣችው፣ ቁጭ ብላ ሰምታ ትሄዳለች እያለ ራሱን አጽናና። ግን ደግሞ አሁን እዚህ የሚባለው ሁሉ ጆሮዋ ሊገባ ነው። ስለ ብስራት ክፉ ሲባል አብራ አንገቷን ስትነቀንቅ ሊያይ ነው። ለዚያ ልቡን አላዘጋጀም ነበር።

ጋሽ ከፈለ በማንኪያ ብርጭቆ መቱ። "ከታናሽ! ጊዲዮን፣ ጀምር።"

ጊዲዮን እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ፣ አማርኛ ማንበብ ካደገ በኋላ በገዛ ፈቃዱ የተማረ ወጣት ነው። "ኦኬ፣ አይ ሚን፣ እኔ ሜትሮ ላይ ነው ያነበብኩት። ስቶፔን ሚስ አድርጌ ግሌንሞንት ደረስኩ። ባቡሩ አለቀ፣ እኔ ቁጭ ብያለሁ! ብስራት ለልጁ መዝሙር ሊያስጠናው ሄዶ ድምፁ የሚጠፋበት ቦታ... ሰው እንዲህ አድርጎ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል እንዴ አልኩ።"

ብሩህ ጠረጴዛው ሥር እጁን ጨበጠ። ደስታ ነው፣ ፍርሃት ነው፣ ሁለቱም አንድ ላይ ነው።

"ግን" አለ ጊዲዮን፣ "ዝናቡ በዛ። ልጁ ባዘነ ቁጥር ይዘንባል። ካም ኦን! ቨርጂኒያ እንደዚህ አይዘንብም።"

"ዝናቡስ ይዝነብ!" ብለው ጋሽ ከፈለ ዘለው ገቡ። የመጨረሻው ተናጋሪ መሆን ያለባቸው እሳቸው ናቸው፤ ሕጉን ያወጡትም እሳቸው ናቸው፤ ግን ማን ያስችላቸው! "መንገዱስ? ዓርብ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ፣ ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ በቤልትዌይ ሲልቨር ስፕሪንግ በሃያ ደቂቃ ገባ ይላል! በሃያ ደቂቃ! በምን? በሄሊኮፕተር? እኔ ሌላውን ሁሉ አምኜለታለሁ፤ ፍቅሩን አምኛለሁ፣ ለቅሶውን አምኛለሁ፤ እዚህ ጋ ስደርስ ግን መጽሐፉን ከድኜ ሚስቴን ጠራኋት። ይህ ደራሲ መኪና የለውም አልኳት!"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ብሩህም አብሮ ሳቀ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቆጨው። መኪና አለው እኮ። ልጁ እንዲቸኩል ብሎ ነው የጻፈው።

"ቀጥሎ" አሉ ጋሽ ከፈለ ወደ እሱ ዞረው። "የርብቃ እንግዳ። በል።"

ሁሉም አዩት። እናቱም አየችው።  "እኔ... ገና አልጨረስኩትም።"

"ሳያነቡ ይመጣሉ እንዴ?" አሉ ታደለች።

"አልጨረስከውም?" አለች እታለማሁ። ቀስ ብላ ነበር የጠየቀችው።

"አልጨረስኩትም እማዬ።"

"ያስታውቃል" አለችና ዐይኗን መለሰች።  ምን ማለቷ ነው?

ለማሰብ ጊዜ አልተሰጠውም፤ ርብቃ በአጭሩ "እኔ መርጬዋለሁ፣ ወድጄዋለሁ፣ አለቀ" ብላ ተራውን አሳለፈች፤ ታደለችም ተነሡ። ሌሎቹ ተቀምጠው ነው የሚናገሩት፤ እሳቸው ግን ተነሡ።

"እኔ ይህን መጽሐፍ ያነበብኩት ማኅበር ስለሆነብኝ ነው። ለንስሐ አባቴም እነግራለሁ። ኃጢአት ነው! ይኸው ተናገርኩ። ዘጠነኛውን ምዕራፍማ ጭራሽ አላነበብኩትም። ዘልዬዋለሁ።"

"ጥሩ አደረጉ" አለች ርብቃ።

"ዘለልኩት እንጂ! እንዴት አነበዋለሁ? ያ ልጅ ደግሞ፣ በዚያ በረዶ፣ ያለ ጃኬት፣ ከፎቁ ሥር ቆሞ ጣቱን በትንፋሹ እያሞቀ ብስራትን ሲጠብቅ! እናት የለውም እንዴ? ሳንባውን ብርድ ቢመታውስ?"

"እትዬ ታደለች" አለ ጊዲዮን፣ "እሱ እኮ ምዕራፍ ዘጠኝ ነው።"

ጉድ ፈላ! ሳቁ የካፌውን አስተናጋጅ ሳይቀር ወደ በሩ አመጣው። ጋሽ ከፈለ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ዕንባቸውን ጠረጉ። ታደለች "ዐይኔ አልፎበት ነው! ዐይኔ አልፎበት ነው እኮ!" እያሉ ቆዩና በመጨረሻ እሳቸውም ሳቃቸው አመለጣቸው። ከሳቁም በኋላ አልተቀመጡም። "ስሙኝ" አሉ። "ኃጢአት ነው ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ግን ልጁን ወደድኩት። ምን ላድርግ? እናቱ ሻንጣውን ስታወጣበት ተነሥቼ ላስገባለት ቃጣኝ።"

ብሩህ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ወይዘሮ ታደለች! በደብሩ አጥር ሥር ሱሪ የለበሰች ልጅ አልፋ የማታውቅባቸው ታደለች የብስራትን ሻንጣ ሊያስገቡለት! ወጥቶ ለያሬድ ኮል አድርጎ መጮህ አማረው። እናቱን ግን ማየት አልደፈረም።

"እንግዳችን ወይዘሮ እታለማሁ" አሉ ጋሽ ከፈለ በአክብሮት። "ሕጋችን አይምርም። ግን መጽሐፉን ካላነበቡ እንደ ልጅዎ ምሕረት እናደርግልዎታለን።"

"ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ" አለች።

ብሩህ ክው አለ።

ቦርሳዋን ከፍታ መጽሐፉን አወጣች። እንደ ተማሪ ደብተር በወረቀት ለብዳዋለች፤ ጠርዙን አጥፋ በፕላስተር አጣብቃ ሽፋኑ እንዳይጎዳ አድርጋዋለች። ጠረጴዛው ላይ አኑራ በመዳፏ ዳበሰችው። "ታደለች ናት ደብሩ ግቢ ውስጥ ያሳየችኝ። እዪው፣ በክርስትና ስም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይጻፋል ብላ ተናዳ። እኔ ሽፋኑን ሳይ ሌላውን አላነበብኩም። ስሙን ነው ያነበብኩት። ወልደ ሰንበት።"

ስሙን ስትጠራው ብሩህ የሠራው ሥራ ድንገት ታየው። ይህን ስም በዚህ ድምፅ ያውቀዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማው የኖረ ድምፅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት፣ ግድግዳውን አልፎ፣ ገና እንቅልፍ ላይ ሳለ፣ ከውዳሴ ማርያም ማብቂያ ላይ "ልጄን ወልደ ሰንበትን ጠብቅልኝ" የሚል። ከመልመዱ ብዛት መስማት ትቶት ነበር። ዓለም ሁሉ የማያውቀውን ስም መረጥኩ ብሎ፣ እናቱ በየቀኑ ለእግዚአብሔር የምትጠራውን ስም ሽፋን ላይ ለጥፎ አረፈው! ርብቃ ማዶ ሆና ግንባሯን ያዘች።

"ስለ ዝናቡ እኔ አላውቅም" አለች እታለማሁ። "ስለ መንገዱም አላውቅም። የማውቀው ስለ እናቲቱ ነው። ይቺ እናት ውሸት ናት።"

"እንዴት?" አሉ ታደለች።

"ሰውዬው ስለ ልጁ ሲጽፍ አይቸኩልም። እያንዳንዷን ነገር ያያል። ይህን ልጅ አቅፈሽ ተኚ ተኚ ያሰኛል፤ ቡዝ ውስጥ እያነበብኩ መኪና ጡሩንባ እስኪነፋብኝ አልቅሼለታለሁ። እናቲቱ ጋ ሲደርስ ግን ቸኮለ። እስከ መጨረሻው አላወቀችም ነበር ይላል። ምን ማለት ነው? ልጇ ስልክ ሲደወልለት በረንዳ ወጥቶ ድምፁ ሲለሰልስ አትሰማም? ሰው ሚስት ሲያጭለት ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ሲቆም አታይም? ስም አትሰጠው ይሆናል እንጂ ታውቃለች። ደግሞም ፈረደባት። ምን ታደርጊ ይሆን ብሎ አንድ ቀን ሳይጠይቃት፣ ፈርዶ በሩን አስዘጋት።"

 ጊዲዮን እንኳ ስልኩን ገለበጠ።

"ታዲያ እርስዎ ቢሆኑ?" አሉ ጋሽ ከፈለ፣ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "መጨረሻውን እርስዎ ቢጽፉት?"

"እኔ ብሆን? እኔ ብሆንማ እናደዳለሁ። ለምን እዋሻለሁ? ከፈጣሪ ጋር እጣላለሁ፤ ለምን የኔን ልጅ እለዋለሁ። ልጄንም አላናግረውም። ፍልሰታን በሙሉ አላናግረውም።" ብሩህን አላየችውም፤ እጇን ነው የምታየው። "አሁንም ገብቶኛል አልልም። አልገባኝም። ግን የሚያስጨንቀኝ እንዲህ መሆኑ ቀርቶ ብቻውን ይህን ሁሉ ዓመት መቻሉ ሆነ። ጾሙ ሲፈታ የሚወደውን ቋንጣ ፍርፍር ሠርቼ በሩን አንኳኩቼ 'እራት በልተሃል?' እለዋለሁ። እኛ ቤት ይቅርታ የሚባለው በዚህ ነው። ሌላ ቋንቋ አላስተማሩኝም።"

"ከዚያስ?" አለ ጊዲዮን።

"ከዚያማ ከውስጥ ሆኖ 'በልቻለሁ' ይለኛል። በሩን ሳይከፍት። እኔም ሳህኑን ይዤ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ፤ እስኪቀዘቅዝ እቆማለሁ።" ቀና አለች። "እና ይህን ወልደ ሰንበት የተባለውን ሰው ያገኘ ይጠይቅልኝ። በሩን የዘጋው ማን ነው?"

ከዚህ በላይ አልተናገረችም። ልጇን አልጠራችም፣ ወደ እሱ አልጠቆመችም። ቢፈልግ ዝም ብሎ መቀመጥ ይችል ነበር፤ ማንም አይጠረጥረውም፤ እሷም ቤት ሄዳ ለማንም አትተነፍስም። ብሩህ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አወቀ። ያን ምሽት ሳህን ይዛ መቆሟን ግን እስካሁን አላወቀም ነበር። ያ ዕድሜውን ሙሉ የፈራው በር ተዘግቶ ነበር እኮ፤ ቁልፉም በእሱ በኩል ነበር።

ተነሣ። ወንበሩ ከኋላው ወደቀ።

"እማዬ" አለ። "አልበላሁም ነበር።"

ማንም አልገባውም፤ ከዚያ ሁሉም ገባው። ጊዲዮን "ኖ ዌይ! ኖ ዌይ!" እያለ ከወንበሩ ዘለለ። ታደለች በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘው "በስመ አብ! ወልደ ሰንበት! ይኼ ትንሹ ብሩህ?" አሉና፣ ደግሞ ቆየት ብለው፣ "ጃኬት አለህ ግን?" አሉት። ርብቃ እየሳቀች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች። ብሩህ እናቱ ጋ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም፤ ጠረጴዛውን ዞሮ ይሁን ዘሎ። አንገቷ ውስጥ ገብቶ "እማዬ፣ እማዬ" ብቻ ይላል፤ እሷም ጀርባውን እየመታች "እሺ፣ እሺ፣ ሰው ፊት ነን" ትለዋለች፤ እሷው ራሷ እየተንቀጠቀጠች።

ጋሽ ከፈለ ብቻ ነበሩ እንደተቀመጡ የቀሩት። መጽሐፉን አንሥተው ሲያገላብጡ ቆዩና ያችን የሃያ ደቂቃዋን ገጽ አገኟት። ዐይናቸው ቀልቷል፤ ግን ሙሴ ናቸውና ማኅበሩን በሥርዓት መዝጋት አለባቸው።

"እንግዲህ ደራሲው ከተገኘ" አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ሁለተኛው እትም ላይ ያ የቤልትዌይ መንገድ ይስተካከልልኝ።"

"መንገዱ ይቆይ" አለች እታለማሁ የልጇን ራስ ሳትለቅ። "መጀመሪያ በሩን ያስተካክል።"